ውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ሽንኩርት

በዚህ ዓለም ላይ ባለበት ረግቶ የሚቀመጥ ነገር እስካሁን አላየሁም። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ዋና አጋዥ ነው። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ሽንኩርት ማቁላላት ስትጀምር፣ እኔ ከወዲህ የተማሪ ፈተና ዘርግቼ የተቀመጥኩት ሰውዬ ምራቄን እውጣለሁ። ማንም አላመጣልኝም፣ ማንም አልጠራኝም። ሽታው ራሱ ከበዛበት ተነሥቶ ወዳነሰበት መጣ። ወሬም ያው ነው። ጠዋት መናኸሪያ የተወራው ቀትር ላይ ቀበሌ ይደርሳል፣ ያውም ባጃጅ ሳይሳፈር።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን መስፋፋት ክፍል ውስጥ ዲፊዩዥን እንለዋለን። ታናሽ ወንድሙ ኦስሞሲስ ግን የውሃ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያውን ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ እንደ በር ጠባቂ ነው፤ ውሃን ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ ጨውን ግን «ወዴት ነህ?» ይለዋል። ጨው ማለፍ ሲያቅተው ውሃው ራሱ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስጨርስ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ይሄ ምን ያደርግልናል?» ይለኛል። እኔም ሁልጊዜ «ፈተና ላይ ይመጣል» እለዋለሁ። ምን ልበለው ታዲያ?

ምን እንደሚያደርግ ያወቅሁት በጋሽ ሰይድ ሽንኩርት ነው። ጋሽ ሰይድ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ያከራዩኝ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር መስኖ ያላቸው ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ጀማል ደብረ ብርሃን ሱቅ አለው፤ በመጣ ቁጥር «አባዬ፣ መሬቱን አከራይና ከእኔ ጋር ኑር፣ በቃህ» ይላቸዋል። እስቲ አስቡት፤ ዕድሜ ልኩን ቆላ ሲነድ የኖረን ሰው ለደብረ ብርሃን ብርድ! ጋሽ ሰይድ እዚያ ሄደው ሁለት ጋቢ ደርበው ሱቅ በር ላይ መቀመጥን ከመቃብር ለይተው አያዩትም። ግን ያለፈው ዓመት ሽንኩርታቸው በስብሶ ስለቀረ ልጁ አፋቸውን አስያዛቸው። በመጨረሻ መስጊድ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እሺ፣ የዘንድሮው ካልያዘልኝ መሬቱን አከራይቼ አንተ ዘንድ እገባለሁ፣ ወላሂ» አሉት። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ወላሂ ካሉ አለቀ።

ሰው ሲጨነቅ ማብዛት ይወዳል። ልጅ ሲከሳ ምግብ እናበዛለን፣ ነገር ሲጠም ምክር እናበዛለን። ጋሽ ሰይድም ችግኙ ትንሽ ገርጣ ሲል ጊዜ ራበው ብለው ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ጨመሩለት። እንዴት ጨመሩ? የአካባቢው ሰው ከፍ ላለ ማሽላ እንደሚያደርገው፣ በእያንዳንዱ እግር ሥር ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ። ማሽላ ትልቅ ሰው ነው፣ ይችለዋል። የሽንኩርት ችግኝ ግን ገና ክር የምታህል ናት። በማግስቱ ጠወለገች። ጋሽ ሰይድም ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደገሙላት።

ማሳው ረጥቧል፣ እግር ያሰምጣል፤ ሽንኩርቱ ግን ውሃ እንዳላየ ሁሉ ተኝቷል። አንዱ ዓይን ነው አለ፣ ሌላው ትል ነው አለ። ጋሽ ሰይድ ዱዓም አስደረጉ፣ መድኃኒትም ነፉ፣ አልሆነም። የዚያን ቀን ምሳ ላይ አንድ ጉርሻ ቆርሰው ተዉት። ከፊታችን ሽንኩርትና ቃሪያ የተከተፈበት ሰሃን ነበር፤ ጨው ነስንሰንበት እስክንበላ ቆይቷል። ድንገት ሰሃኑን አዘነበልኩላቸው። ከሥሩ ውሃ ቋጥሯል።

«ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ከሽንኩርቱ ነዋ።»

«ማን አወጣው?»

ሰሃኑን ትክ ብለው አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እና እኔ በገዛ እጄ ማሳዬ ላይ ጨው ነሰነስኩበት ነው የምትለኝ፣ መምህር?» አሉ።

እንደዚያ ነው። የሥሩ ሕዋስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአፈሩ ውስጥ ካለው ሲወፍር ውሃ ከአፈር ወደ ሥር ይገባል፣ ሽንኩርትም ይጠጣል። አፈሩ በማዳበሪያ ከወፈረ ግን ውሃው ይገለበጥና ከሥሩ ወደ አፈር ይወጣል። ውሃ ውስጥ ቆሞ መጠማት ማለት ይኼ ነው። መፍትሔውም ውሃ ላይ ውሃ መልቀቅ፣ አፈሩን አጥቦ ማዳበሪያውን ማቅጠንና በማሳው ግርጌ ማስወጣት ነው። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። «ሳላጥበው አላድርም» አሉ። እንጀራው እንደቀረበ ቀረ።

ግን ውሃው ከየት ይምጣ? የእርሳቸው ተራ አልፏል፤ ዳግም እስኪደርሳቸው ችግኙ አይቆይም። የዚያን ቀን ተራ የእትዬ መዲና ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመው። እትዬ መዲና ማሳቸው ከጋሽ ሰይድ ግርጌ ነው፤ አንድ የአፈር ድንበር ብቻ ይለያቸዋል። አብረው ያደጉ ናቸው። ድንበሩ ላይ የነበረችውን የቁርቁራ ዛፍ ጋሽ ሰይድ ጥላዋ አዝመራዬን በላው ብለው ሳያማክሩ ከቆረጧት ወዲህ ግን አይነጋገሩም። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

እኔ ሄጄ ልለምንልዎት አልኩ። የአስተማሪነቴን ከበሬታ ተማምኜ የውሃ አባቱ ዘንድ ሄድኩ፤ የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው ሽማግሌ ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። የእኛ ደንብ እንዲህ አይደለም አለኝ። ተራውን የሚፈልግ በገዛ አፉ ይጠይቃል፣ የሚሰጥም በገዛ አፉ ይሰጣል፣ እኔም ቆሜ እሰማለሁ፤ በአማላጅ ውሃ ሰጥተን ስንት ሰው ተፈነካክቷል መሰለህ አለኝ። ለካስ የመስኖው ደንብም በር ጠባቂ አለው፤ ውሃ እንዲያልፍ ቃል መቅደም አለበት።

ለጋሽ ሰይድ ይህን ስነግራቸው ይቀራሉ ብዬ ነበር። ኩሩ ናቸው። እርሳቸው ግን አካፋቸውን አነሡና ሱሪያቸውን ጠቅልለው በጭቃው መሐል ቀጥ ብለው ሄዱ። መንገድ ላይ ያዩአቸው ሰዎች የረጠበ መሬት ሊያጠጣ ነው እያሉ ሳቁ፤ ዞር ብለውም አላዩአቸው። የውሃ አባቱና እኔ ከኋላ ተከተልን። እትዬ መዲና የቦዩን አፍ ሊከፍቱ ጎንበስ ብለው ነበር። ጋሽ ሰይድ ድንበሩ ላይ፣ የቁርቁራዋ ጉቶ አጠገብ ቆሙ።

«መዲና» አሉ።

እትዬ መዲና ቀና አሉ።

«ተራሽን ስጪኝ። ሽንኩርቴ እየሞተ ነው፤ እሱ ከሞተ እኔም ከዚህ እሄዳለሁ። የዛፏም ጥፋት የእኔ ነው።»

እትዬ መዲና መጀመሪያ ጉቶዋን፣ ቀጥሎ የተኛውን ሽንኩርት አዩ። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ጠላታቸው እግራቸው ሥር ነው። ግን ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም። እንዲያውም ሰውየው ከዚህ እሄዳለሁ ሲሉ ደነገጡ መሰለኝ።

«እሰጥሃለሁ» አሉ። «ግን ውሃው የእኔ ነው፤ ሲበቃህ ወደ እኔ ይመለስ። ድንበሩን ክፈትና በእኔ በቆሎ በኩል አስወጣው።»

ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ። በቆሎው ገርጣ ቢልም ሥሩ ጠንክሯል፣ ውሃውም ቀጥኖ ስለሚደርስ አይጎዳውም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይናገራል! ጋሽ ሰይድ በዚያ ሐሩር አካፋቸውን አልጣሉም። ቦይ በቦይ እየተከተሉ ለቀቁት፣ አጠቡት፣ ደግመው አጠቡት። አረፍ ይበሉ ብላቸው እንደ ዝንብ አባረሩኝ። እትዬ መዲናም በግርጌ በኩል ድንበሩን በገዛ እጃቸው ናዱት።

ማሳው ጫፍ ላይ ያለው ሽንኩርት ሞተ፤ ሁሉም ዳነ ብዬ አልዋሽም። ሌላው ግን ቀስ በቀስ ራሱን ቀና አደረገ። እኔም በየጠዋቱ እየሄድኩ ሳየው እንደ ልጅ ደስ ይለኝ ነበር። ጀማል የሽንኩርቱን መጠውለግ ሰምቶ አባቱን ሊወስድ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዞ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሻንጣ ሳይቀር ገዝቶላቸዋል። ማሳው ድረስ ይዤው ሄድኩ። አባቱ ድንበሩ ላይ ቆመው ይጮኻሉ።

ያ ገርጥቶ የነበረው የእትዬ መዲና በቆሎ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሰው ቁመት አልፏል። ከአካባቢው በቆሎ ሁሉ እሱ አንደኛ ነው።

«ማዳበሪያዬን በላሽው!» ይላሉ ጋሽ ሰይድ።

«ውሃዬን ጠጣኸው!» ይላሉ እትዬ መዲና ከማዶ።

ሁለቱም ይስቃሉ፤ እየሳቁም ይሳደባሉ። ጀማል ትንሽ ቆሞ ሰማና ወደ ባጃጁ ተመለሰ። አዝመራው ሲደርስ ትቶት የሄደውን ሻንጣ ሽንኩርት ሞልተው ላኩለት።

እኔም ክፍል ገብቼ አሁንም ሽፋን ውሃን እንጂ ጨውን አያሳልፍም እያልኩ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ ሁለቱም ያልፋሉ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ ኤክስ ነው፤ ሕጉ ሕግ ነው። ከኋላ ወንበር ያ ልጅ እጁን አውጥቶ ይሄ ምን ያደርግልናል ሲለኝ ግን እንደ ድሮው ፈተና ላይ ይመጣል አልለውም። «ምሳህን ስትበላ ሰላጣህን ጨው ነስንስበትና ጠብቅ» እለዋለሁ። «ከጎረቤትህ ጋር የተኳረፍክ እንደሆነ ደግሞ ተራው የማን እንደሆነ ጠይቅ።»