ቁልፉ ከጋሽ ኑርዬ ዘንድ ነው

ትምህርት ቤት ያለ ርዕሰ መምህር ይከፈታል፤ አይተናል። ያለ ጠመኔም፣ ያለ ጣሪያም ይከፈታል። ያለ ንብረት ክፍል ኃላፊ ግን አይከፈትም፤ ቁልፉ ከየት መጥቶ! እኒህን ሰው ሳያውቅ የተማረ የለም። መጽሐፍ ይወዳሉ፤ የሚወዱት ግን ማንም ሳይነካው ነው።

የአምባሰሉ ጋሽ ኑርዬ፣ የአትላሶች አለቃ፣ የግሎቡ ባለአደራ፣ ከዚሁ ወገን ናቸው። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ፈዲላ፣ ለሰባ ሁለት ተማሪ አራት የአማርኛ መጽሐፍ ይዛ በየሰኞው ደጃቸው ትቆም ነበር። የቀረው መቶ ሃያ ከነአዲስ ጠረኑ ንብረት ክፍሉ ውስጥ ተደርድሯል።

"ጋሼ፣ ልጆቹ ፊደል ለይተው ቃል ማንበብ አቃታቸው። ሰኔ ላይ ሊወድቁብኝ ነው።"

"አብሽሪ ልጄ። ከወጣ ያልቃል። ካለቀ የሚቀጥለው ዓመት ልጅ በምን ይማራል?"

በሚቀጥለው ዓመትም መልሱ ያው ነው። የሚቀጥለው ዓመት ልጅ መጥቶ አያውቅም።

ግሎቡማ ከነላስቲኩ ነበር። አንድ ጊዜ ፈዲላ ለምናቸው ከመስኮቱ ፍርግርግ ኋላ አስቀመጡትና ተማሪዎቹ ተሰልፈው ዓለምን አይተው አለፉ። አፍሪካ በወዲያኛው ጎን ስለዋለች ሳትታይ ቀረች። ከውጫሌ ተቆጣጣሪ የመጣ ቀን ደግሞ መጽሐፉ ሁሉ በየዴስኩ ይደረደራል፤ ልጆቹ እንዳይገልጡት ይመከራሉ፤ እንግዳው "የግብዓት አያያዙ እጅግ ጥሩ" ብሎ ጽፎ ሲሄድ ተቆጥሮ ይገባል።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደረሰ። ፈዲላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትሸሽ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፈችና ያየችውን ማመን አቃታት። የንብረት ክፍሉ በር ወለል ብሏል። ጋሽ ኑርዬ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው፣ መድፉ ከተራራው ወዲያ እያጓራ፣ ለሚሸሸው ወላጅ ሁሉ መጽሐፍ ያድላሉ። እያስፈረሙ!

ሕፃን ያዘለችው መስኡዳ፣ "ጋሼ፣ እኔ ነፍሴን ላተርፍ እየሮጥሁ የምን ፊርማ ነው?" አለቻቸው።

"ነፍስሽን አላህ ይጠብቅ። የመጽሐፉ ጠባቂ ግን አንቺ ነሽ። እዚህ ጋ።"

ፈረመች።

ከወራት በኋላ ሰው ሲመለስ ከትምህርት ቤቱ የተረፈው ግድግዳው ብቻ ነበር። ዴስኩ ማገዶ ሆኗል፤ ግሎቡ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። መጽሐፎቹ ግን ከየጎተራው፣ ከየመስጊዱ፣ ግሸን ሥር ከተጠለሉት ዘመዶች ቤት እየወጡ መጡ። የጎደሉት ዘጠኝ ብቻ። ልጆቹ ሌላ የሚሠሩት ስላልነበራቸው ሦስት አራት ጊዜ ጨርሰዋቸዋል። ስሟን ለመጻፍ ታምጥ የነበረችው የመስኡዳ ልጅ ኢንሳፍ፣ ገጽ አርባን በቃሏ ወረደችው። ሰኔ ላይ የአራተኛ ክፍል ውጤት ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ሆነ።

ፈዲላ ግራ የተጋባችው ይኸኔ ነው። ወረዳው "ውጤቱ የጨመረበትን ምክንያት ግለጹ" የሚል ቅጽ ላከላት። ምን ትጻፍ? ዴስክ የለ፣ ጠመኔ የለ፣ ትምህርቱም ለወራት አልነበረ። ጦርነቱ ነው ትበል? ጦርነቱማ ሁለት ተማሪዎቿን በልቶባታል። መጽሐፉ ነው ትበል? መጽሐፉ ድሮም ነበር። የበሩ መከፈት ነው ብትል ደግሞ ጋሽ ኑርዬ፣ "ቆልፌ ባላቆየው ኖሮ ምኑን አድል ነበር?" ይሏታል፤ እሱም እውነት ነው። ሰው ያልተሰጠውን አይማርም፤ ያልተጠበቀ ነገርም አይሰጥም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም እስካሁን አልገባትም። ቅጹን ሳትሞላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

መጽሐፎቹ ተመልሰው ተቆለፉ። መስከረም ላይ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጣ ተባለ፤ መጽሐፉ ግን አልመጣም፤ በስልክ ይነበባል ተባለ። የማን ስልክ እንደሆነ አልተነገረም። ፈዲላ "አሮጌውም ቢሆን" ልትል ሙግቷን አሰናድታ ሄደች። አፏን ሳትከፍት ጋሽ ኑርዬ ከኪሳቸው አንድ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ፈርሚ።"

"ለስንት መጽሐፍ?"

"ለቁልፉ።"

በማግስቱ እያስተማረች ቀና ስትል በክፍሉ መስኮት መነጽር አየች። ጋሽ ኑርዬ ናቸው፤ በጣሳ የዱቄት ሙጫ ይዘው አድብተው ገጽ የሚቀድ ልጅ ይጠብቃሉ። ብዙም አልጠበቁ፤ የኢንሳፍ ታናሽ ሀውራ ቀደደች። ፈዲላ ልትቆጣት ብላ ተወችና ከነመጽሐፏ ወደ እሳቸው ላከቻት።

ሽማግሌው ሙጫውን ከመቀባታቸው በፊት የተቀደደውን ገጽ ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ለሃያ ዓመት የጠበቁትን መጽሐፍ፣ ያን ቀን ገና ማንበባቸው ነበር። ጨርሰው ወደ ሀውራ ጎንበስ አሉ።

"ከዚያስ ምን ሆነ?"

ፈዲላ የዕረፍቱ ደወል ሲደወል እንዳልሰማች ሆነች።