ድኗል አትበያት

ልብስ ሰፊ ይዋሻል። ጫማ ሠሪ ይዋሻል። እንደኔ ኮምፒውተር የሚጠግን ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ለበዓል ያሰፋችሁትን ቀሚስ ከበዓሉ በኋላ እጅጌው ሳይገጠምለት ያገኛችሁት ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በጥገና ቤት «ነገ» የቀን ስም አይደለም፣ ሠራተኛው ትንፋሹን የሚሰበስብበት ቃል ነው። እኔም ሰበታ ላይ ይቺን ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅባትን ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ «ትንሽ ነው የቀረው» ስል ኖሬያለሁ። አንዳንዴ ያ «ትንሽ» የተባለው ነገር ማሽኑን ጨርሶ አለመክፈቴ ነው። ግን ልብ በሉ፤ የሁላችንም ውሸት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ያላለቀውን ሊያልቅ ነው ማለት። ያለቀውን አላለቀም ብሎ የሚዋሽ ጠጋኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ዋሸሁ። ያውም ክረምቱን ሙሉ።

ነገሩ የጀመረው አዴ ጫልቱ በባጃጅ የመጡ ቀን ነው። በኛ አካባቢ ትልቅ ወንድ «ኦቦ» እንደሚባል ትልቅ ሴት «አዴ» ትባላለች። ዝናብ እንዳይነካው በጋቢ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያቀፉትን ነገር ሳይ የታመመ ልጅ ይዘው ክሊኒኩ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር። ጋቢው ሲገለጥ ኮምፒውተር ሆነ። የባለቤታቸው የኦቦ ፈይሳ ነው።

ኦቦ ፈይሳን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው ይህን ኮምፒውተር አመጡላቸው። ውስጡ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ መጽሐፉንም፣ ዜናውንም፣ ተማሪዎቻቸው የሚልኩትንም መልእክት እሱ ያነብላቸዋል። አሁን ግን መናገር ትቷል አሉ አዴ ጫልቱ። ይነሳል ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል ደግሞ ይጠፋል። ባለቤታቸውም አጠገቡ ቁጭ ብለው ማራገቢያው ሲነሳና ሲቆም ሲያዳምጡ ይውላሉ።

«ቶሎ አድርጊልኝ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያለሱ አይሆንለትም።»

ሰካሁት። እንዳሉትም ነው። የአምራቹ ዓርማ ብቅ ይላል፤ አሁን ሊከፍት ነው ስትሉ ጨለማ። እንደገና ዓርማው፣ እንደገና ጨለማ። ባዮስ የሚባለው፣ ኮምፒውተር ሲቀሰቀስ «እጅ እግሬ በቦታው አለ ወይ?» ብሎ መጀመሪያ ራሱን የሚዳብስበት ነገር ነው። ይኸኛው ዳብሶ ሳይጨርስ ይደነግጥና ተመልሶ ይተኛል።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ምክንያቱ መብዛቱ ነው። ሜሞሪውን ነቅዬ እግሩን በላጲስ ፈተግሁት፤ ያው ነው። ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም መሳይ ባትሪ ቀየርኩ፤ ያው። ሃርድ ዲስኩን ፈታሁ፣ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ለወጥኩ፤ አሁንም ዓርማ፣ አሁንም ጨለማ። የሌላ ሰው ሥራ ወደ ጎን ገፍቼ ከሱ ጋር ስፋጠጥ ሰነበትኩ። አንዴማ ማዘርቦርዱ ሞቷል ልል ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ማንበቢያዎ ሞተ ብሎ ለሰው መንገር ከበደኝ።

በመጨረሻ፣ ከፊት ለፊቱ የዩኤስቢ መሰኪያ የሚመጣውን ገመድ ከማዘርቦርዱ ላይ ስነቅለው ማሽኑ ምንም እንዳልነበረበት ሰው ብድግ አለ። መሰኪያውን መብራት አስጠግቼ ባየው፣ ውስጡ ካሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዷ ታጥፋ ጎረቤቷን ነክታለች። ኦቦ ፈይሳ የጆሮ ማዳመጫቸውን በዳበሳ ሲሰኩ ስተው ገፍተውት መሆን አለበት። ክር የምታክል ብረት ናት ያን ሁሉ ያደረገችው። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቤታቸው ደወልኩ። ያነሱት ኦቦ ፈይሳ ናቸው፤ አዴ ጫልቱ ገበያ ሄደዋል። ድኗል ስላቸው ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ለማንም እንዳልናገርና ራሳቸው እንደሚመጡ ነገሩኝ።

በማግስቱ አንድ ባለ ባጃጅ እጃቸውን ይዞ እስከ በሬ አደረሳቸው። ወንበር ሰጠኋቸውና ማሽኑን አበራሁት። ያ ደረቅ፣ ሠርጉንም ለቅሶውንም እኩል የሚያነበው ድምፅ መናገር ጀመረ። ኦቦ ፈይሳ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት፤ የቆየ ወዳጅ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አሉ።

«አጥፊው» አሉኝ ከዚያ።

አጠፋሁት። ምን እንዳጠፋሁ ግን አልገባኝም።

ቀስ ብለው አጫወቱኝ። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የሚያነቡላቸው አዴ ጫልቱ ነበሩ፤ ከተጋቡ ጀምሮ፣ የተማሪ ፈተና ሳይቀር። ማሽኑ ሲመጣ ኦቦ ፈይሳ «እስኪ ትረፍ፣ ስንት ዘመን አደከምኳት» ብለው አንብቢልኝ ማለቱን ተዉ። አዴ ጫልቱም ላንብብልህ ወይ ብለው አልጠየቁም። በዚያው ቀረ። አሁን ማሽኑ ሲታመም ጊዜ፣ መነጽራቸውን ፈልገው ከመደርደሪያ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አውርደው ጀመሩላቸው።

«ማሽኑን አላማውም፤ አንድ ቃል አይስትም» አሉኝ። «እሷ ግን ክፉው ሰውዬ በመጣ ቁጥር ትሰድበዋለች፣ ያውም በኦሮምኛ። ሰው የሞተ እንደሆነ ደግሞ መጽሐፉን ታጥፍና ውሃ ጠጥታ ትመጣለች። ለኔ ሰውዬው የምር የሚሞተው ያን ጊዜ ነው።»

ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም አልኳቸው።

«አንብቢልኝ ካልኳት ግዴታ ይሆንባታል። መጽሐፉ እስኪያልቅ ድኗል አትበያት።»

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እሺ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ «ሊያልቅ ነው» ስል የኖርኩ ሴት «አላለቀም» ማለትን አሁን ልማር። ዕቃ ታዟል፣ ከመርካቶ ይመጣል አልኳቸው አዴ ጫልቱን። አመኑኝ። ማመናቸው ነው የጎዳኝ። ብቅ ባሉ ቁጥር በትንሽ ሳህን ጭኮ ይዘው ይመጣሉ፤ ያንን የቅቤ ገብስ እየጎረስኩ ፊት ለፊታቸው እዋሻለሁ። የሚከፋው ደግሞ የሚያስቸኩሉኝ ለራሳቸው ብለው አለመሆኑ ነው።

«ታግሶኝ ነው እንጂ እኔ እንደሱ አልችልም» አሉኝ አንድ ቀን ማሽኑን በዓይናቸው እያሳዩኝ። «ፊደል እስታለሁ፣ መስመር እዘላለሁ፣ መሃል እየገባሁ እለፈልፋለሁ። ጨዋ ስለሆነ ነው የማይናገረኝ።»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እኛ ሰዎች መተዛዘን ስናበዛ ጉዳችን ብዙ ነው። አንዱ ትደክማለች ብሎ ዝም፣ አንዷ ይሰለቸዋል ብላ ዝም። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ሰው እየተሳሳ ይነፋፈቃል።

ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ቀትር፣ እርጥበት እንዳይበላው ብዬ ማሽኑን አብርቼው ነበር። ያ ደረቅ ድምፅ አንድ ነገር ያነባል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሌላ እፈታለሁ። ዞር ስል አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«መቼ ነው የዳነው?»

«ቆይቷል፣ አዴ ጫልቱ።»

«እሱ ያውቃል?»

አትናገሪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የመጣውን አልወደድኩትም፤ በገዛ ቤቱ የታማ ሰው ፊት ነበር። ያን ጊዜ አላስቻለኝም፣ ሁሉንም አወጣሁት። ስድቡን፣ ውሃውን፣ ግዴታ ይሆንባታል ያሉትን። አዴ ጫልቱ ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ሳቅ መስሎኝ ነበር። ሳቅም ነበረበት።

«ውሃ የምሄደው እኮ ፊቱ እንዳላለቅስ ብዬ ነው» አሉ። «ለካ አውቆብኛል።»

 ከዚያ ባለቤታቸው እስከ መቼ ይቆይ እንዳሉ ጠየቁኝ። መጽሐፉ እስኪያልቅ ብለዋል አልኳቸው።

«መጽሐፉማ ካለቀ ሰነበተ። ሌላ ጀምሪልኝ ያለኝ ራሱ ነው» አሉና ተነሱ። በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ። «ማወቄን እንዳትነግሪው። እንደ እስካሁኑ ዕቃው አልመጣም በይ።»

ከዚያ ወዲህ ለሁለቱም ስል የምዋሸው አንድ ውሸት ሆነ፤ ቀለለኝ። ክረምቱ ሲወጣ የተማሪዎቻቸው መልእክት ተጠራቅሞ ኖሮ ኦቦ ፈይሳ መልስ መጻፍ አለብኝ አሉና ሁለቱም አብረው መጡ። ዕቃው ትናንት ገና እንደደረሰ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፤ ማሽኑንም አበራሁት።

«እንኳን ዳነ» አሉ ኦቦ ፈይሳ።

«ተመስገን፤ ስንት ተቸገርን» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ወደኔ ሳያዩ።

እኔም ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር አልኩ። በዚያች ጠባብ ሱቅ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመን ዋሸን፤ ማንም አልተጎዳም። ሁሉን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ግን አልምልም። ኦቦ ፈይሳ «ስንት ተቸገርን» የሚለውን ሲሰሙ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ፤ የሚስቱን ድምፅ ይህን ያህል ዘመን የሰማ ሰው ምን ይሰወረዋል?

አስፋልቱ ዳር ቆመው ባጃጅ ሲጠብቁ ከውስጥ አየኋቸው። አዴ ጫልቱ ማዶ የተደረደሩትን የሱቅ ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ ያነቡላቸዋል። የፀጉር ቤቱን አነበቡ፣ የመድኃኒት ቤቱን አነበቡ፣ ፊደል ገድፎ የጻፈውን የሥጋ ቤት ባለቤት በኦሮምኛ ወረዱበት። ኦቦ ፈይሳ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

«ከሱ ቀጥሎስ?» ይሏቸዋል።