ባሕር የሚያስመልሱት ጋሽ ደምሴ

አገር ወዳድ ሰው ጎረቤት ሆኖባችሁ ያውቃል? እኔ ሆኖብኛል። ጋሽ ደምሴ እዚሁ ጁባ፣ አማራት ሰፈር፣ ከሱቄ አጠገብ ምግብ ቤት አላቸው። ጠዋት ስልካቸውን ከፍተው ከኤርትራ ሰዎች ጋር ይዋጋሉ፤ ምሳ ሳይደርስ ወደቡን ይይዛሉ። ወጡ ቢያርም ግድ የላቸውም።

ከግድግዳው ማዶ ሆቴል ያለው ተስፋይ ኤርትራዊ ነው። እዚህ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ሮቶ በጋራ ያስሞሉ ነበር። ባለፈው ወር ጋሽ ደምሴ ወደ ተስፋይ የሚሄደውን ቧንቧ ቆረጡት።

«ባሕሬን ይዞ ውሃዬን አይጠጣም» አሉኝ ኮስተር ብለው።

ምን ይባላል? ተስፋይ እንደሆነ ያደገው ካርቱም ነው፤ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት የአገሬው ወጣቶች ዱላ ይዘው «ሀበሻ፣ አምሺ ቤት» እያሉ ወደ ሰፈራችን መጡ። አገራችሁ ግቡ ማለታቸው ነው። ከመሃላቸው በዋዜማው ጋሽ ደምሴ ቤት የበላ አይቻለሁ። ወደቡ የማን እንደሆነ ግን የጠየቀን የለም። የሆቴሉን የጓሮ በር ከፍቶ ያስገባን ተስፋይ ነው። ሦስታችንም ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከዱቄት ጆንያ ጀርባ ተቀመጥን። ውጭ መስታወት ይሰበራል። የማን መስታወት እንደሆነ ከድምፁ አይለይም።

ጋሽ ደምሴ አፋቸው ደረቀ። ተስፋይ የነበረችውን አንድ ጠርሙስ ውሃ አቀበላቸው። ጠጡና በሹክሹክታ «ምን አድርገናቸው ነው?» አሉ።

«ምንም አላደረግናቸውም ጋሼ» አላቸው ተስፋይ። «አገራቸውን ስለሚወዱ ነው።»