የሁለተኛው ደረጃ ጠበቃ

ለፎቅ መወጣጫ ጥብቅና የሚቆም ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር አየዋለሁ። ሰሞኑን ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ፣ እኛ ሕንጻ ሥር ተሰብስበን፣ ትንንሽ የአፓርታማ ሕንጻዎች በአንድ መወጣጫ ደረጃ ብቻ ይሠሩ ወይ ተብለን ተጠየቅን። ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቄ ቤት ልትሠራበት ያሰበችው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሁለት ደረጃ ከገባበት ለልጆቿ መኖሪያ አይተርፍም። እኔ ግን ከዘራዬን ተደግፌ ተነሣሁና፣ «እሳት ቢነሣስ? ሁለተኛው ደረጃ ነፍስ ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባ ደግሞ እንደኔ ያለውን ከጠጅ ይበልጥ ያሰክረዋል።

ብርቄ ረጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሕንጻ ሁለት ደረጃ አለው አይደል? እስቲ በሁለተኛው ያውርዱን» አለችኝ።

ተሰብሳቢው በሙሉ ተከትሎኝ አራተኛ ፎቅ ወጣ። በኩራት የሁለተኛውን ደረጃ በር ከፈትኩ። የእኔው አሮጌ ቁም ሳጥን መንገዱን ዘግቶ ተገተረብን፤ ከበስተኋላው የጎረቤቶቼ ከሰልና ጀሪካን እስከ ታች ተደርድሯል። እንኳን ሰው፣ ድመትም ተጨንቃ ነው የምታልፈው።

«ነፍስ ያሉት ይሄን ነው?» አለች ብርቄ።

በሩን መልሼ ዘጋሁት። በወጣንበት በአንዱ ደረጃ ወረድን። ቃለ ጉባኤ ያዡ፣ «ለትንሽ ሕንጻ አንድ ደረጃ ይበቃል፤ ሽማግሌ ቁም ሳጥን እንዳያቆምበት ግን ይጠበቅ» ብሎ ጻፈ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ከሁሉም ቀድሞ እጁን ያወጣውም ያው ሽማግሌ ነው።