ያላዩት ግቢ አስጎብኚ

በየሰፈሩ፣ ረግጦት የማያውቀውን አገር ከነአጥሩ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋ ሰፈሩ ገና ሰፈር አልሆነም። እኛ የደሴ ሰኞ ገበያ ሰዎች ደግሞ የዚህን ወገን ንጉሥ ነው የታደልነው፦ ክቡር ጋሽ መሕሙድ፣ በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በማዕረጋቸው ዶሃ ያለ የአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የደሴ አስጎብኚ።

ትምህርት ቤቱን በዓይናቸው አላዩትም። እዚያ የምትሠራው ልጃቸው ፊርደውስ ናት፤ የሕፃናት ክፍል ረዳት ሆና ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በየሐሙሱ ሥራ ስትጨርስ በቪዲዮ ትደውላለች። ጋሽ መሕሙድም ስልኩን የክር ሣጥናቸው ላይ ያቆሙና ያዝዛሉ፦ «ከበሩ ጀምሪ!»

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ የምንጎበኘው እኛ ነን። አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ሄጄ፣ ሜትራቸውን እግሬ ላይ እንደዘረጉ፣

«የመዋኛ ገንዳቸው ስንት ሜትር ይመስልሃል?» አሉኝ።

«እንጃ፣ ጋሼ።»

«ሃያ አምስት! ያንተ ስንት ነበር ያልኩህ?»

ላሳጥር የሰጠሁት ሱሪ ረዝሞ ተመለሰ።

አጠገባቸው ጫማ የሚሸጠው ጸጋው አያስቀምጣቸውም። «በዚህ የጦሳ ተራራ ብርድ ስለ ዋና ያወሩልናል? እዚህ ገንዳ የገባ ልጅ በረዶ ሆኖ እኮ ነው የሚወጣ!»

«አንተ ምን ታውቃለህ! እዚያ ፀሐዩ ውሃውን ያፈላዋል። በማሽን ነው የሚያቀዘቅዙት።»

«ውሃ ለማቀዝቀዝ ማሽን? ወደ ደሴ ይላኩታ፣ በነፃ እናቀዘቅዝላቸዋለን!»

ሌላ ቀን ክር ሊገዙ ኮምቦልቻ ሲወርዱ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ እሳቸው ስለ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ፣ በየወንበሩ ስላለው ቀበቶ፣ ስለ ቼዝና ስለ ቫዮሊን ክበብ፣ ልጆች ቲማቲም ስለሚያበቅሉበት የአትክልት ቦታ ሰበኩን። «አንድ ቲማቲም ሲቀላ ወላጅ ተጠርቶ ይጨበጨባል፣ ወላሂ!»

ከኋላ ቲማቲም በቅርጫት ያቀፈች ሴት፣ «ታዲያ ለኔ ማን ሊያጨበጭብልኝ ነው?» አለች። ሚኒባሱ ሙሉ አጨበጨበላት።

አንድ ወጣት ተገርሞ ዞረ። «አባባ፣ እዚያ አስተምረዋል እንዴ?»

«አይቼውም አላውቅ» አሉ በኩራት፤ «ግን መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀኝ።»

እንግዲህ በዚህ ወር የፊርደውስ ኮንትራት ማለቂያው ደረሰ። «አባባ፣ ላድስ ወይስ ልምጣ? እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርግ» አለቻቸው። መልሱን እስከ ወሩ መጨረሻ ሐሙስ ትጠብቃለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸውና የስፌት መኪናቸው ናቸው። ገበያው ግን ነገሩን ቆርጦታል፤ «ያን ገንዳ ካፋቸው ነጥለው ነይ አይሏትም» ይላል። እኔም እንደ ገበያው ነበርኩ። ጋሽ መሕሙድ ሦስት ሐሙስ ሙሉ አዎም እምቢም ሳይሉ፣ «ከበሩ ጀምሪ» ብቻ ሲሉ ከረሙ።

በመጨረሻው ሐሙስ እንደገና እንዲያሳጥሩት የሰጠኋቸውን ሱሪ ልወስድ ሄጄ ጉብኝቱ ላይ ደረስኩ። ፊርደውስ ስልኩን ይዛ ትዞራለች፤ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የስፖርት አዳራሹ፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋው ሣር ያልፋል። ጋሽ መሕሙድ ግን ሕንፃውን አያዩም ነበር።

«ፎቁን ተይው፣ መንገዱን አሳይኝ» ይሏታል። በመንገዱ አስተማሪዎች ይመጣሉ፤ እጃቸውን ያወዛውዙላታል፤ ያልፋሉ። የጋሽ መሕሙድ ጠመኔ ከቁራጭ ጨርቅ በላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

«ምን ሊያሰምሩ ነው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ቆሞ የሚያናግራትን። ሰላም ብሎ የሚያልፍማ ነፋስም አለ። በሦስት ሐሙስ አንድ ሰው አልቆመላትም።»

ወሎ ያደገ ሰው ይህን አይፈርድባቸውም። እኛ ዘንድ ሰላምታ ራሱ መንገድ ነው፤ ከጤና ተነሥቶ በከብቱ፣ በዝናሙ፣ በጎረቤቱ ዞሮ እንደ ዘፈን አዝማች እንደገና ጤና ላይ ይመለሳል። በሆዴ አንጎራጎርኩ፦

ሣሩ ለምለም ቢሆን፣ ውሃውም ቢጠራ፣
ምን ያደርጋል ግቢ፣ ሰው ሰው ካልተጣራ።

ፊርደውስ ዞራ ዞራ በሩ ጋ ስትመለስ፣ ጥበቃው፣ አንድ ሸበቶ ኔፓላዊ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ስልኩን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና የሆነ ነገር ጠየቃት። ሳቀች።

«አባባ፣ ‹የአባትሽ ጉልበት ተሻላቸው ወይ?› ይልዎታል። ጠዋት ጠዋት ስለ እርስዎ አወራዋለሁ።»

ጠመኔው ወርዶ አንድ መስመር አሰመረ።

«አልሐምዱሊላህ በይው። ቤተሰቡን ጠይቂልኝ። ልጆቹን፣ ከብቱን…»

«ከብት ይኑረው አይኑረው አላውቅም፣ አባባ።»

«ጠይቂዋ!» ጠመኔውን አስቀመጡ። «አድሺ፣ የኔ እናት። አብሽሪ፣ አድሺ።»

ስልኩ ተዘጋ። መስመሯን በአውራ ጣታቸው ሊያጠፏት ዳሰሷትና ተዉአት።

«ማንም ባይቆምላት ነይ ልላት ነበር» አሉኝ። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንዳይቆምላት ስለምነው ነው የከረምኩ።»

አራት ዓመት ልብስ የሰፉልኝ ሰው ናቸው፤ ያ ቀን ከሌት የሚረግጡት መኪና ጉልበት እንደሚበላ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ዶሃ ያለ ዘበኛ ያውቀዋል። ሱሪዬን አጥፌ ወደ ጎን አደረግሁና በርጩማ ሳብኩ።

«የትኛው ጉልበትዎ ነው፣ ጋሼ?»

«ቀኙ» አሉ። ከዚያ ስለ ግራውም ነገሩኝ።