ሃይማኖት አጥንቶ ሽማግሌ መላክ

እኛ ከተማ፣ መካነ ሰላም ላይ፣ ምን እንዳጠናችሁ ለሰው ቶሎ አትንገሩ። ሕክምና ካላችሁ ወገቡን የሚያሳያችሁ አይጠፋም። ሕግ ካላችሁ የድንበር ክሱን ከአያቱ ጀምሮ ይተርክላችኋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያጠናሁት ሃይማኖት ነው። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ እጄን ያያል፣ መስቀል ፍለጋ። ቀጥሎ ራሴን ያያል፣ ጥምጣም ፍለጋ። ሁለቱንም ሲያጣ ፊቴን አይቶ "አይ ልጅ!" ይላል።

ዘመኑ ደግሞ መንግሥት ነጋ ጠባ "ኢንጂነር" የሚልበት ነበር። ኢንጂነሩም ተመርቆ ኮብልስቶን ያነጥፋል፤ ግን ቢያንስ እናቱ ለጎረቤት የምትለው አላት። የኔ እናት ምን ትበል? "ልጄ የሁሉንም ሃይማኖት ይማራል" ብትል፣ "የራሱ አልበቃው አለ?" ይሏታል። ስለዚህ "ትምህርቱ ረቂቅ ነው" ብላ ወሬ ትቀይራለች።

አንድ ጊዜ ከደሴ ስመጣ የአውቶብሱ ፍሬን ቁልቁለት ላይ አላምር አለ። አጠገቤ ለተቀመጡት እናት ስለ ትምህርቴ ቀድሜ ለፍልፌላቸዋለሁ። በል ተነስና ዱአ አርግልን አሉኝ። እኛ ስለ ጸሎት እናጠናለን እንጂ መጸለይ አያስተምሩንም አልኳቸው። ሴትዮዋ ወደ ፊት ተንጠራርተው፣ "ያ ረቢ! ሹፌሩም ስለ መኪና ብቻ አጥንቶ እንዳይሆን!" አሉ።

ይሄ እንኳን ቀላል ነው። የከበደኝ ሙሉን ለማግባት ሽማግሌ የላክኩ ጊዜ ነው። እወዳታለሁ፣ ትወደኛለች፤ የቀረን የአባቷ እሺታ ብቻ። አባቷ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ የአባቴ ወዳጅ ሼህ ሰይድ፣ ልጃችን ሃይማኖትን ጠንቅቆ ያጠና ነው ብለው አሞገሱኝ አሉ። መሪጌታም፣ "ሼህ ሰይድ፣ ሌባም እኮ መጀመሪያ ቤቱን ያጠናል። እስቲ ራሱ ይምጣ" ብለው በቀጠሮ መለሷቸው።

እሑድ ጫማዬን አስጠርጌ ከሼህ ሰይድ ጋር ሄድኩ። መሪጌታ ከቅዳሴ ተመልሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሉ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር።

"ይህን ሁሉ ዓመት አጠናህ አሉኝ። ታዲያ የትኛው እውነት ሆኖ አገኘኸው?"

"የእኛው" ብል ነገሩ አለቀ! ሙሉ በዓይኗ "በላቸው" ትለኛለች። ሼህ ሰይድ እንኳን ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ፤ በል ተናገር፣ እኔ አልሰማሁም ማለታቸው ነው። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ! ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ ትምህርታችን ይህ እውነት፣ ያ ሐሰት አይልም፤ ምንም ሳይነካ ከውጭ ሆኖ ይመለከታል አልኩ። "በገለልተኝነት" የምትልም ጨመርኩበት። እሷን ቃል ምን አመጣብኝ?

መሪጌታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"መልካም ትምህርት ነው" አሉ። "እንግዲያው ልጄንም ሳትነካ ከውጭ ሆነህ ተመልከታት።"

 ሙሉ የአጅባር ከተማ እህል ነጋዴ አገባች። የመጀመሪያ ልጇ ክርስትና ሲነሳ እኔንም ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ዳሱ ሞልቶ ስለነበር ደጅ ተቀምጬ በላሁ።