የኔታ ፕራሰት ጋያ ሲያስተምሩ

በየመንደሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ምንም ነገር ልትጀምር ስትነሳ በዚያ ነገር የሞቱትን ሁሉ በስም በስማቸው የሚያስተዋውቅህ። ዋና ልትማር ነው? የሰመጡትን ይቆጥርልሃል። ልታገባ ነው? እሱስ ይብሳል። በእኛ መንደር ይህን ሥራ የያዙት ክቡር የኔታ ፕራሰት ናቸው። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አላውቅም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን አንድም ቀን ከሥራ ቀርተው አያውቁም።

ሾርባ ቤቴን የከፈትኩ ዕለት፣ ገና ድስቱ ሳይሞቅ መጡና ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። "ማሊዋን" አሉኝ፣ "አላስፈራራሽም፤ ግን ብታውቂው ይሻላል።" ከዚያ ከወንዙ ማዶ ሲሊንደር ፈንድቶባት ጣሪያዋ ከነድመቷ ሩዝ ማሳ ውስጥ ስለተገኘባት ሴትዮ ነገሩኝ። ድመቷ ተርፋለች። ሴትዮዋስ ብዬ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ሾርባቸውን ፉት አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ምድጃዬን ስለኩስ ፊቴን አዙሬ ነው።

የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ሞተር ሳይክል የገዙ ጊዜም እንዲሁ ነው። የኔታ ሄደው "እንኳን ደስ ያለህ" ብለው ጀመሩ፤ ሲጨርሱ ዲሬክተሩ ሞተሩን በሸራ ሸፍነው በእግራቸው ወደ ሥራ ሄዱ። አሁንም በእግራቸው ናቸው። የሞተሩ ኮርቻ ላይ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ትታቀፍበታለች።

ዋናው ሙያቸው ግን ጋያ ነው፣ ያ ጭስ በውሃ ውስጥ አሳልፈው የሚስቡበት የቀርከሃ ዕቃ። አያታቸው የታወቁ የባህል ሐኪም ነበሩ፤ የጋንጃን ነገር ከእሳቸው ወረሱ። በዚህ በሜኮንግ ዳር ቀርከሃ ቆርጦ፣ አንጓውን በስቶ፣ አንድ ጠብታ ውሃ የማያፈስ ጋያ እንደ የኔታ የሚሠራ የለም። ሕጉ ከላላና ተክሉ በየደጁ መብቀል ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ በጉብዝናው ፖሊስ ፈርቶ ያልሞከረው ሁሉ በስተርጅና "እስቲ ልማር" እያለ ደጃቸውን ያንኳኳ ጀመር። ቅጠሉን በዶሮ ሾርባ ውስጥ ጣል ማድረግ እንኳ ብርቅ አይደለም፤ እናቴም ታደርገው ነበር፣ እኔም አደርገዋለሁ። ጭሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጭስ መምህር ይፈልጋል።

በእኛ ዘንድ ሙያ የሚማር ሰው፣ ቡጢም ይሁን ሽመና፣ ለመምህሩ በትሪ አምስት ጥንድ አበባና አምስት ጥንድ ሻማ ያቀርባል። መምህሩ ትሪውን በሁለት እጁ ከተቀበለ በቃ፣ ተማሪው የእሱ ነው። በተማሪው ላይ የሚደርሰው ክፉ ነገር ዞሮ በመምህሩ ራስ ላይ ይመጣል። የኔታ ይህን ያውቃሉ፤ ከማወቅም አልፈው ይፈሩታል። ስለዚህ አንድ ብልሃት አበጁ። ትሪው የሚቀርበው በሁለተኛው ቀን ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ለማስጠንቀቂያ ብቻ ነው አሉ። ሁለተኛውን ቀን ያየ ተማሪ እስካሁን አልተገኘም።

አንድ ጊዜ እኔም ለወሬ ስል ገብቼ ተቀምጫለሁ። ጋያውን ምንጣፉ መሀል አቆሙት። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው የሶምጂት ፎቶግራፍ፣ ትኩስ የአበባ ጉንጉን እንዳጠለቀ ተሰቅሏል። ሶምጂት በሕይወት ሳሉ "አንተ ሰውዬ፣ ሰው አታስበርግግ" እያሉ ይቆጧቸው ነበር፤ የሆድ ካንሰር ከወሰዳቸው ስድስት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የኔታን የሚቆጣ የለም።

"ውሃው በየጊዜው ይቀየራል" ብለው ጀመሩ። ባደረ ውሃ የሳበ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳንባው ውስጥ እንጉዳይ በቅሎበታል። ውሃው ከውስጠኛው ቱቦ ጫፍ ሁለት ጣት ከፍ ይላል፤ ሦስት ጣት ከሆነ አፍህ ይገባል፣ አንድ ጣት ከሆነ እሳቱን ትውጠዋለህ። ቅጠሉ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ትኩስ ሾርባ እንደሚቀምስ ሰው አጭር አድርጎ ሳብ ነው፤ አስረዝሞ የሳበ አንድ ገበሬ ሦስት ቀን ሙሉ የእርሻ ጎሹን ይቅርታ ሲለምን ከርሟል። ጎሹ ይቅር አላለውም። ቻቻይ የሚባል ጡረተኛ ወታደር፣ ድንበር ላይ የጥይት ዝናብ ያሳለፈ ሰውዬ፣ ይህን ሲሰማ ቆሌው ተገፎ ጫማውን ሳያጠልቅ ወጣ።

ጋያውን እስከ አፉ ያደረሰው ዊሮት ብቻ ነው። ዊሮት ኬን ነፊ ነው፤ ያንን ከቀርከሃ ዘንጎች የተሠራ መሣሪያችንን በየሠርጉና በየለቅሶው አርባ ዓመት ነፍቶታል። ታዲያ ከንፈሩ ቀርከሃ ሲነካ ሳንባው የሚያውቀውን አደረገ፣ ነፋ። ውሃው ከነፍሙ ተነስቶ የኔታ ፊት ላይ አረፈ። የኔታ ፊታቸውን እየጠረጉ፣ ደስ ያላቸው በሚመስል ድምፅ፣ "ይህችን አላውቃትም ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ትጨመራለች" አሉ። "አይነፋም" የሚለው ሕግ የመጀመሪያውን ተራ የያዘው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ሁሉ እስቅ ነበር። እትዬ ቡአላይ እስክትታመም ድረስ።

ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ካንሰሩ የእሷም ሆድ ውስጥ ተገኘ። ሆስፒታል የሚሰጧት መድኃኒት በሽታውን ይዋጋል ይላሉ፣ ምግብ የሚባል ነገር ግን አስጠላት። ሰው ድልድይ ተሻግሮ የሚመጣለት ሾርባዬ ሲሸታት ትነሳና ትወጣለች። ዶክተሯ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ "ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሆናለች። በሚቀጥለው ሰኞ ሠላሳ ስምንት ካልሞላች መድኃኒቱን እናቆማለን፣ ሰውነቷ አይችለውም" አለችኝ። መድኃኒቱ ከቆመ ምን እንደሚሆን አልነገረችኝም። አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ ነገርኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የጋንጃ ዘይት በጠብታ ሰጠችን። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ነበር ያለችው። እትዬ ዘይቱንም አስመለሰችው። ነርሷ ጭሱን እኔ አልመክርም አለች፤ አለችና መስኮቱን ማየት ጀመረች። ያን ዕለት ማታ እህቴ ትራሷ ላይ እንደተጋደመች፣ "ማሊ፣ ነገ የኔታ ዘንድ ውሰጂኝ" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ያንን ጭስ ያ የከሳ ደረት እንዴት ይሸከመዋል ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን የፈራሁት ሰውዬውን ነው። በሽታው ያልጨረሳትን እሳቸው በወሬ ይጨርሷታል አልኩ። ጠዋት ቀድሜ ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ለመንኳቸው፤ ስለ እንጉዳዩ አይንገሯት፣ ስለማንም ሟች አያንሱባት አልኳቸው።

"አላስፈራራትም" አሉ። "ግን..."

"ግን የለም፣ የኔታ።"

ጋያቸውን አንስተው መወልወል ጀመሩ። እሺም አላሉኝ፣ እምቢም አላሉኝ።

ከቀትር በኋላ ደግፌ ደረጃውን አወጣኋት። እትዬ የቤቱን ሕግ ጥሳ ትሪዋን በመጀመሪያው ቀን ይዛ መጥታለች፤ አምስት ጥንድ ነጭ አበባ፣ አምስት ጥንድ ሻማ፣ ሁሉንም በእጇ ያዘጋጀችው። የኔታ ትሪውን ሲያዩ እባብ ያዩ ያህል ወደ ኋላ ሸሹ። ትሪው ነገ ነው አሏት። እሷ ደግሞ ነገን የሚጠብቅ ሥጋ የለኝም አለቻቸው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? የሚያውቁት አንድ መንገድ ነው፣ ጀመሩት። እኔ ባይን ብጠቅስ፣ ብስል፣ ወይ ፍንክች። እንጉዳዩን ነገሯት። እህቴ ጎንበስ ብላ አዳመጠችና "ከዚያስ?" አለች። ጎሹን ነገሯት። "ከዚያስ?" እሳቱን ስለዋጠው፣ ከደረጃ ስለወደቀው፣ ጋያው አፉ ላይ ተጣብቆ በመጋዝ ስለተቆረጠለት ነገሯት። በጎሹ ላይ ፈገግ ብላ የነበረችው እህቴ በመጋዙ ላይ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሁለት ወር ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። የኔታ ላባቸውን ጠረጉ፤ የሚያውቋቸው ሟቾች አልቀውባቸዋል።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ሳቋን ትታ ቀና ብላ ያየቻቸው።

"የኔታ" አለች፣ "እርስዎ በየነገሩ የሞተውን ሁሉ ያውቃሉ። በእኔ በሽታ የሞተ ስንት ሰው ያውቃሉ?"

ዘልዬ አፋቸውን ልይዝ ቃጣኝ። የኔታ ጋያው ውስጥ ያለውን ውሃ ብቻ አዩ።

"በዚህ በሽታ?" አሉ። "በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አላውቅም።"

እህቴ ከራሳቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አየች። ሶምጂትን እስከ መጨረሻው ቀን ያስታመመቻቸው፣ ገላቸውን ያጠበችው፣ የኔታ ከቤት ሸሽተው ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ሲያለቅሱ ሄዳ የመለሰቻቸው እሷ ናት። ፎቶግራፉን አየች፣ እሳቸውንም አየች።

"እንግዲያው ይቀበሉኝ" አለች።

ትሪውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አንዱ ሻማ ተንከባሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ፤ አንስተው መለሱት። ውሃውን ደፍተው አዲስ ቀዱ፣ በሁለት ጣታቸው ሦስት ጊዜ ለኩት። የሩዝ ፍሬ የምታህለዋን ቅጠል ለሁለት ከፈሏት። አሁን ታሪክ የለም፣ ሟች የለም፤ እንዳትነፊ፣ ሳቢ፣ ትንሽ ብቻ፣ በቃ ይበቃል አሏት። ሳበችና ሳል ያዛት። ሳሉ አልቆም ሲል እኔ ተነስቼ ቆሜያለሁ፣ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። የኔታ የእጇን አንጓ ይዘው የልቧን ምት ይቆጥራሉ፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ምናልባት ያን ሰዓት ከሦስታችን ያልፈራችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሳሉ ቆመ። እህቴ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም፣ የኔታ ግን ምቱን መቁጠር አላቆሙም። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ማሊ፣ ያ ሾርባሽ ተርፎ ይሆን?" አለች።

ሮጥኩ። ምድጃዬን ስለኩስ ፊቴን ማዞሬን እንኳ ረሳሁ። ሰባት ማንኪያ በላች፣ እኔና የኔታ በአፋችን ሳይሆን በዓይናችን እየጎረስን። ሰባቱም ሆዷ ውስጥ ዋሉ፣ አደሩ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሆኑ። ሰኞ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ሠላሳ ስምንት ከሁለት መቶ ግራም አለ፤ ዶክተሯ አንድ ጊዜ ውረጂና እንደገና ውጪ አለቻት፣ ያው ነው። መድኃኒቱ ቀጠለ። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ የሚያውቅም የለም።

የኔታ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የላቸውም። በእሷ ላይ የሚደርሰው በራሴ ላይ ይመጣል ብለው ያምናሉና፣ ወንዝ ዳር አይሄዱም፣ ዛፍ ሥር አይቆሙም፣ ደረጃ የሚወርዱት ተቀምጠው ነው። ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ ሾርባ ቤቴ ይመጣሉ። የዓሣ አጥንት አንቆት ስለቀረ አንድ ጸጉር አስተካካይ ይነግሩኛል፤ እኔም የዶሮ እግር ጨምሬ አቀርብላቸውና እስከ መጨረሻው አዳምጣቸዋለሁ። እህቴን እንዴት ናት ብለው ግን አይጠይቁኝም። መልሱን ይፈሩታል። እኔው ነኝ የምጀምርላቸው።

ትናንት ከፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። "የኔታ" አልኳቸው፣ "አላስፈራራዎትም፤ ግን ቢያውቁት ይሻላል።" ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ሁለት እጃቸው ትሪ እንደያዙ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ።

"ዛሬ ሁለት ሳህን በላች።"